እንግሊዝኛ ላይ "በጣም" ለማለት የትኛው ይሻላል? ቬሪ፣ ቱ፣ ሶ፣ ሪሊ፣ ኳይት እና ሌሎቹ ሲነጻጸሩ

ባለፈው ክረምት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ከመጣ ገና ሶስት ሳምንቱ የሆነ ልጅ የስራ ጫማ ላጋዛው ይዤው ሄድኩ። ቁጥር 10 አደረገና ተነስቶ ሁለት ሶስት እርምጃ ሄደ፣ ተረከዙ በየእርምጃው ከጫማው ይወጣል። ሻጯ መጥታ እንዴት ነው ስትለው "ቬሪ ቢግ" አላት። ፈገግ ብላ "ሰፋ ያለ ነው እንዴ የሚመችህ?" አለችው፣ እሱ ደግሞ የገባት መስሎት "የስ፣ ቬሪ ቬሪ ቢግ" ብሎ ደገመላት። ልጅቷ ጫማውን ልጠቅልልለት ወይስ ልመልሰው እያለች ሁለታችንን አፈራርቃ አየችን። እኔ "ቱ ቢግ" ስላት ወዲያው ሄዳ 9 አመጣችለት።

መንገድ ላይ "እኔ እኮ በጣም ትልቅ ነው ነው ያልኳት፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?" ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፣ አማርኛው ልክ ነው፣ እንግሊዝኛውም በሰዋስው ምንም አልጎደለውም፣ ግን እኛ በአንድ "በጣም" የምንጨርሰውን ስራ እንግሊዝኛ ለአምስት ለስድስት ቃል አከፋፍሎታል፣ እና ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን ቬሪ ማለት በጣም፣ ሶ ማለት በጣም፣ ቱ ማለትም በጣም እየተባልን ነው ያለፍነው። ለአዲስ መጪዎችና ለአይኤልቲኤስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ለሚዘጋጁ ልጆች እንግሊዝኛ ሳግዝ ከምንም በላይ ደጋግሜ ያረምኩት ይሄንን ነው፣ ስለዚ ዛሬ ቁጭ ብዬ እንደ ዕቃ ላወዳድራቸው፣ የቱ ለምን እንደሚሆን፣ የቱ የት ላይ እንደሚያሳስት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ብዙ ሰው ምርጫው እንግሊዝኛው ላይ ይመስለዋል፣ እኔ ግን ምርጫው ያለው አማርኛው ላይ ነው እላለሁ። አማርኛም እኮ እነዚህን ልዩነቶች ያውቃቸዋል፣ "በጣም" የሚለው ቃል ውስጥ ስላላስቀመጣቸው ነው የማይታዩን። ሌላ ቦታ አሉ፣ ግሱ ጭራ ላይ፣ "እንዴት" ውስጥ፣ "የምር" ውስጥ፣ "ብዙም" ውስጥ። እዛ ሄዳችሁ ካያችሁ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ይመጣል።

በምን እንለካቸው

መጀመሪያ የማየው ከኋላው የሚመጣው ቃል ምን እንደሆነ ነው፣ ቅጽል ነው (ታየርድ፣ ቢግ)፣ ግስ ነው (ላይክ፣ ዋንት)፣ ስም ነው (ፒፕል፣ ሶልት) ወይስ ማወዳደሪያ (ቢገር፣ ቤተር)። አብዛኛው ስህተት እዚህ ጋ ያልቃል።

ሁለተኛው፣ ነገሩ ብዙ ነው ለማለት ነው ወይስ ከልክ አልፏል፣ አልሆነኝም ለማለት? የጫማው ጉዳይ ይሄ ነው።

ሶስተኛው፣ ቅጽሉ ደረጃ አለው ወይ? ትልቅ፣ የበለጠ ትልቅ ይባላል፣ ፍጹም ግን ፍጹም ነው፣ የበለጠ ፍጹም የሚባል የለም።

አራተኛው ሰሚው ማን እንደሆነ ነው፣ ጓደኛ፣ ቀጣሪ፣ ፈታኝ፣ ደግሞ አሜሪካዊ ነው ወይስ እንግሊዛዊ። ይሄኛው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ኳይት ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ቬሪ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ይሄንን ነው፣ እና ጥሩ ምርጫ ነው፣ የማያጣላ፣ ለሽማግሌውም ለህጻኑም የሚሆን፣ ደብዳቤ ላይም ወሬ ላይም የሚገባ። ከቅጽል በፊት (ቬሪ ታየርድ፣ ቬሪ ጉድ) እና እንደ ኳይክሊ ካሉ ቃላት በፊት ይገባል።

ችግሩ የሚመጣው ግስ ላይ ነው። አማርኛ "በጣም ደከመኝ" እና "በጣም እወደዋለሁ" ሲል በጣምን እዛው አንድ ቦታ ነው የሚያስቀምጣት፣ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። ደከመኝ፣ ራበኝ፣ ደስ አለኝ የሚሉት እኛ ጋ ግስ ቢሆኑም እዛ ቅጽል ናቸው፣ ስለዚ "አይ አም ቬሪ ታየርድ" ይሆናል፣ አምን ሳትረሱ። እወዳለሁ፣ እፈልጋለሁ፣ ናፈቀኝ ግን እዛም ግስ ናቸው፣ እና ቬሪ ብቻውን ግስ ፊት አይቆምም። "አይ ቬሪ ላይክ ኮፊ" አይባልም። ወይ ቬሪ ማች ብላችሁ መጨረሻ ላይ ታደርጉታላችሁ፣ "አይ ላይክ ኮፊ ቬሪ ማች"፣ ወይ ሪሊን ፊት ታደርጋላችሁ፣ "አይ ሪሊ ላይክ ኮፊ"። ቬሪ ማችን መሀል ከትቶ "አይ ላይክ ቬሪ ማች ኮፊ" ማለትም ልክ አይደለም፣ ግሱና የሚወደደው ነገር ተያይዘው መቀመጥ ይፈልጋሉ፣ መሀላቸው አትግቡ።

ማች ቅጽል ፊትም አይገባም። "ቬሪ ማች ቢውቲፉል"፣ "ቱ ማች ኤክስፔንሲቭ" የሚሉትን በየቀኑ እሰማለሁ፣ ማችን አውጡትና ልክ ይሆናል። ማች የሚፈለገው ስም ሲመጣ ነው፣ ቱ ማች ሶልት፣ ቱ ማች ወርክ። የሚቆጠር ነገር ከሆነ ደግሞ ሜኒ፣ ቱ ሜኒ ፒፕል።

ሌላው ማወዳደሪያ ነው። "በጣም ይሻላል" ለማለት "ቬሪ ቤተር" ይሉና ፈታኙ ወዲያው ይይዛቸዋል። እዛ ቦታ ላይ ማች ቤተር፣ ፋር ቤተር፣ ኤ ሎት ቤተር ነው የሚባለው። የሚገርመው ደግሞ ከሁሉ የላቀውን ሲናገሩ ቬሪ ተመልሶ ይገባል፣ ዘ ቬሪ ቤስት ይባላል፣ ከምርጥም ምርጡ እንደማለት።

ይሄ ለምን እንደሆነ የገባኝ የቃሉን አመጣጥ ካየሁ በኋላ ነው። ቬሪ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ እዛ ቬራይ ይባል ነበር፣ ትርጉሙም እውነተኛ ማለት ነበር፣ ዛሬ ፈረንሳዮች ቭሬ የሚሉት እሱን ነው። እንግሊዞች በ1549 ባወጡት የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ጸሎተ ሃይማኖቱ "ቬሪ ጎድ ኦቭ ቬሪ ጎድ" ይላል። ቤተክርስቲያን ያደገ ሰው ይሄን መስመር ያውቀዋል፣ እኛ በግዕዙ "አምላክ ዘእምአምላክ ዘበአማን" የምንለው ነው፣ ያ ቬሪ ማለት ዘበአማን ማለት ነበር። ከዛ ቀስ በቀስ እውነተኛ ከሚለው ወደ በጣም ወረደ። የድሮው ትርጉም ግን አልሞተም፣ "ዚስ ቬሪ ዴይ" ሲሉ ዛሬውኑ፣ ይቺኑ ቀን ማለታቸው ነው። ዘ ቬሪ ቤስትም እንደዛ ነው፣ እውነተኛው ምርጥ።

ቱ

ሁለት ኦ ያለው ቱ ነው፣ ከቁጥሩ ቱ (ሁለት) እና አንድ ኦ ካለው መስተዋድዱ ቱ ጋር አፍ ላይ ስለሚመሳሰል ስትጽፉ ተጠንቀቁ።

ይሄ ቃል ቅሬታ አለው። ከሚፈለገው አለፈ፣ አልሆነም፣ አልቻልኩም የሚል ነገር ውስጡ አለ። እና አማርኛ ይሄን የሚገልጸው በበጣም ብቻ አይደለም፣ ግሱ ጭራ ላይ በምትለጠፈው "ብኝ" እና "ኝ" ነው። ሱሪው ረዘመብኝ፣ ስኳሩ በዛብኝ፣ ዋጋው ተወደደብኝ፣ ጫማው ሰፋኝ፣ ቀሚሱ ጠበበኝ፣ ወጡ ጨው በዛበት። ይሄንን ነው እኔ የብኝ ፈተና የምለው። "በጣም ረጅም ነው" ልትሉ ስትሉ ቆም በሉና "ረዘመብኝ" ማለቴ ነው ወይ በሉ። አዎ ከሆነ ቱ ሎንግ ነው። ስለ አንድ ረጅም ህንጻ እያወራችሁ ከሆነ ህንጻው አልረዘመባችሁም፣ ስለዚ ቬሪ ቶል። ያ ልጅ ሱቁ ውስጥ በአማርኛ ቢሆን "ሰፋኝ" ነበር የሚለው፣ በጣምን ያመጣት ወደ እንግሊዝኛ ሊተረጉም ሲያስብ ነው። የአገሩን ሰፋኝ ይዞ ቢሄድ ኖሮ በቀጥታ ቱ ላይ ይደርስ ነበር።

ከዚህ የተነሳ ቱን ለምስጋና መጠቀም አደገኛ ነው። ሰው ቤት ተጋብዛችሁ "ዘ ፉድ ኢዝ ቱ ስዊት" ካላችሁ ባለቤቲቱ የምትሰማው ስኳሩ በዛብኝ ያላችሁ ነው። "ማይ ቲቸር ኢዝ ቱ ጉድ" ሲባልም ሰሚው እና ምን ችግር አመጣ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። አንዳንድ የተለመዱ አባባሎች አሉ፣ "ዩ አር ቱ ካይንድ" ለምሳሌ ምስጋና ነው፣ አበዛኸው፣ አሳፈርከኝ እንደማለት ነው፣ እዛም ቢሆን ብኝ አለችበት፣ ደግነትህ በዛብኝ።

ቱ ከኋላው ሌላውን ቱ፣ አንድ ኦ ያለውን፣ ሲያስከትል ደግሞ አሉታ ይሆናል፣ አሉታ የሚያሳይ ቃል ሳይኖር። "አይ አም ቱ ታየርድ ቱ ቶክ" ማለት ከድካሜ የተነሳ ማውራት አልቻልኩም ነው። ኖት የለም፣ ግን አልቻልኩም አለ። ሊስኒንግ ፈተና ላይ ይቺን የማያውቅ ሰው መልሱን ገልብጦ ነው የሚጽፈው።

ኖት ሲቀድመው ደግሞ ለስለስ ይላል፣ ብዙም ይሆናል። ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ውስጥ የምትሰሩ ፈረንጁ "ኖት ቱ ስፓይሲ ፕሊስ" ሲላችሁ ብዙም አያቃጥል፣ ትንሽ ይኑረው ማለቱ ነው፣ ሚጥሚጣውን ጨርሳችሁ አታጥፉት። "ኖት ቱ ባድ" ደግሞ የኛው ለክፉ አይሰጥም ነው፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

ባህር ማዶ ቤት ውስጥ ልጅ ለምትይዙ እህቶች ይቺን ልዩነት አጥብቄ እነግራችኋለሁ። የገላ ውሃ ነክታችሁ "ቬሪ ሆት" ካላችሁ ውሃው በጣም ሞቃት ነው ብቻ ነው ያላችሁት፣ ለልጁ ይሁን አይሁን አልነገራችሁም፣ "ቱ ሆት" ካላችሁ ግን ልጁን እንዳታስገቡት ማለት እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል።

ሶ

ሶ ስሜት ነው። የኛ "እንዴት" ነው፣ ጥያቄው እንዴት ሳይሆን አድናቆቱ፣ እንዴት ታምራለች! እንዴት ደከመኝ መሰለህ! ይሄንን በሶ ነው የሚሉት፣ "ሺ ኢዝ ሶ ቢውቲፉል"፣ "አይ አም ሶ ታየርድ"። እንዴት ለማለት የሚያስችል ቅርበት ካለ ሶ ይሆናል፣ ከሌለ ቬሪ ይሻላል።

ሁለተኛ ስራው "እስኪ" ነው። መቆም እስኪያቅተኝ ድረስ ደከመኝ ስትሉ ሶ ታየርድ ዛት ብላችሁ የሚከተለውን ታመጣላችሁ። ጽሁፍ ላይ ሶን የምመክረው እንዲህ ውጤቱ ሲከተል ብቻ ነው፣ ውጤት የሌለው ሶ መደበኛ ጽሁፍ ውስጥ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፣ አንባቢው ከዛስ ይላል።

ስም ከመጣ ሶ ቦታውን ለሳች ይለቃል፣ "ሂ ኢዝ ሶ ናይስ" ግን "ሂ ኢዝ ሳች ኤ ናይስ ማን"። መሀል ያለችው ኤ ትረሳለች፣ አትርሷት።

ሪሊ

ለኔ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ነው፣ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ለንግግር ሪሊን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም መለኪያዎቹን ከሌሎቹ በተሻለ ያልፋል። ቅጽል ፊት ይገባል፣ ግስ ፊት ይገባል (ቬሪ የማይችለውን)፣ ደረጃ ከሌላቸው ቅጽሎች ጋርም ይሄዳል፣ ሪሊ ፐርፌክት ይባላል። አማርኛው "የምር" ነው። የምር ደስ ብሎኛል፣ የምር ናፍቀኸኛል።

ልብ በሉ፣ ሪል እውነተኛ ማለት ነው፣ ቬሪም እውነተኛ ማለት ነበር፣ እኛም የምር እንላለን። በሁለቱም ቋንቋ ሰው አንድን ነገር ሊያጎላ ሲፈልግ እውነቴን ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ቃሉ ሲደጋገም ጉልበቱ ያልቅና ሌላ እውነት ይፈለጋል። በ2003 ሪካ ኢቶ እና ሳሊ ታግሊያሞንቴ የሚባሉ ሁለት አጥኚዎች እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ የተቀዳ ንግግር ላይ የሰሩት ጥናት ይሄንኑ አሳይቷል፣ ትልልቆቹ ቬሪን ያዘወትራሉ፣ ወጣቶቹ ወደ ሪሊ ሄደዋል። ስለዚ ከሃያዎቹ እድሜ ልጆች ጋር እየሰራችሁ ቬሪ ቬሪ ስትሉ ስህተት ባይሆንም ትንሽ የመጽሐፍ ሊመስል ይችላል።

አንድ ቦታ ብቻ ተጠንቀቁ፣ አሉታ ላይ ቦታው ትርጉሙን ይገለብጠዋል። "አይ ሪሊ ዶንት ላይክ ኢት" ማለት የምር አልወደውም፣ ጨርሶ ነው። "አይ ዶንት ሪሊ ላይክ ኢት" ግን ብዙም አልወደውም፣ እስከዚህም ነው። ሪሊ ከዶንት ቀደመች ወይስ ተከተለች፣ ልዩነቱ ይሄው ነው። አለቃችሁ አንድ ሀሳብ አቅርቦ አስተያየት ሲጠይቃችሁ ሁለተኛውን ልትሉ አስባችሁ የመጀመሪያው ካመለጣችሁ ፊት ለፊት እንደመቃወም ነው የሚሰማው።

ኳይት እና ፕሪቲ

እነዚህ ሁለቱ በጣም ሳይሆኑ "ደህና" ናቸው። ፈተናው እንዴት ነበር፣ ደህና ነው፣ ፕሪቲ ጉድ። ፕሪቲ የወሬ ቃል ነው፣ ደብዳቤ ላይ አታስገቡት። ቆንጆ ማለት አይደለም ወይ ለምትሉ፣ ቅጽል ፊት ሲመጣ ቁንጅናው ይቀራል፣ እንዲያውም "ፕሪቲ አግሊ" ይባላል፣ አስቀያሚ ነገር ነው የምር ማለት ነው።

ኳይት ግን አገር ይለያል። አሜሪካዊ ኳይት ጉድ ሲላችሁ ወደ ቬሪ ጉድ ያደላል። እንግሊዛዊ ኳይት ጉድ ሲላችሁ፣ በተለይ ኳይት የሚለውን ጫን ካለ፣ ለክፉ አይሰጥም፣ ግን ሊሻሻል ይችላል ማለቱ ሊሆን ይችላል። ለንደን የምትማር አንዲት ልጅ የጽሁፏን ረቂቅ አስተማሪዋ ኳይት ጉድ ብሏት በደስታ ደወለችልኝ፣ አስተያየቱን አንብቢልኝ ስላት አራት ቦታ ድገሚው ይላል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ደግማ ሰርታው በኋላ ቬሪ ጉድ ተብላለች፣ ግን ያን ቀን ቃሉን እንደ አሜሪካኖቹ እንደወሰደችው ቀርታ ቢሆን ኖሮ እንዳለ ልታስገባው ነበር።

ደረጃ ከሌለው ቅጽል ጋር ሲሆን ደግሞ ኳይት ሙሉ በሙሉ ይሆናል፣ ሁለቱም አገር። ኳይት ኢምፖሲብል ማለት ጨርሶ አይቻልም ነው፣ ደህና አይቻልም አይደለም። ስትጽፉ ደግሞ ዝምታ ከሚለው ኳየት ጋር እንዳታምታቱት፣ ኢ እና ቲ ቦታ ሲቀያየሩ ቃሉ ይቀየራል።

አብሶሉትሊ፣ ኤክስትሪምሊ፣ ሃይሊ እና ዘመዶቻቸው

አብሶሉትሊ ደረጃ ለሌላቸው ነው፣ አብሶሉትሊ ፐርፌክት፣ አብሶሉትሊ ፍሪዚንግ። ቬሪ ፐርፌክት፣ ቬሪ ፍሪዚንግ ጆሮ ይቆረቁራል፣ ፍሪዚንግ ራሱ በጣም ብርድ ስለሆነ። ኤክስትሪምሊ የኛ እጅግ ነው፣ ከባድ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ አንዴ ይበቃል።

ሃይሊ፣ ዲፕሊ፣ ቢተርሊ የሚባሉት ግን የራሳቸው ጓደኛ አላቸው። አማርኛም እኮ እንዲህ ነው፣ ድቅድቅ ጨለማ እንላለን እንጂ ድቅድቅ ቡና አንልም፣ ፍጥጥ ያለ ውሸት እንላለን፣ ድብን ያለ እንቅልፍ እንላለን፣ ማንም ህግ አላስተማረንም፣ አብረው ሲሄዱ ሰምተን ነው። እንግሊዝኛም ሃይሊ ኳሊፋይድ (ከፍተኛ ብቃት ያለው)፣ ሃይሊ ሬኮሜንድድ (በጣም የሚመከር) ይላል፣ ሃይሊ ቢግ ግን አይልም። ዲፕሊ ሶሪ (ከልብ ይቅርታ)፣ ዲፕሊ ግሬትፉል (ከልብ አመስጋኝ)፣ ቢተርሊ ኮልድ (አጥንት የሚሰብር ብርድ) ይላል። ድብን ያለ እንቅልፋችን እነሱ ጋ ፋስት አስሊፕ ነው፣ ቬሪ አስሊፕ አይባልም። እነዚህን ብቻቸውን አትያዙ፣ ከነጓደኛቸው ያዙ።

ኦፍሊ እና ቴሪብሊም አሉ፣ መነሻቸው ፍርሃትና ድንጋጤ ነው፣ አሁን ግን "ቴሪብሊ ሶሪ" ሲባል የሚፈራ ነገር የለም፣ በጣም ይቅርታ ነው። የኛም "ክፉኛ" ከክፉ ነው የመጣው። ጀርመን አገር ያላችሁም "ዜር" የምትሉት በጣም ድሮ ህመም ከሚለው ቃል ነው የወጣው።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| ቃሉ | አማርኛው ላይ ፈትሹት | ልክ የሚሆንበት | የማይሆንበት | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ቬሪ | በጣም | ቬሪ ታየርድ፣ ዘ ቬሪ ቤስት | ግስ፣ ቤተር፣ ፐርፌክት ፊት | ለሁሉም |
| ቬሪ ማች | በጣም (ከግስ ጋር) | አረፍተ ነገሩ መጨረሻ | ቢውቲፉል ፊት | ለሁሉም፣ ምስጋና ላይ በተለይ |
| ቱ | ሰፋኝ፣ በዛብኝ | ቱ ቢግ፣ ቱ ማች ሶልት | ምስጋናና አድናቆት | ለሁሉም |
| ሶ | እንዴት! ወይም እስኪ | ሶ ታየርድ ዛት | ውጤት የሌለው መደበኛ ጽሁፍ | ለቅርብ ሰው |
| ሳች | እንዴት ያለ! | ሳች ኤ ናይስ ማን | ስም ከሌለ | ለሁሉም |
| ሪሊ | የምር | ግስም ቅጽልም | አሉታ ላይ ቦታው ይታይ | ለንግግር አንደኛ |
| ፕሪቲ | ደህና | ፕሪቲ ጉድ | ደብዳቤ፣ ፈተና ጽሁፍ | ለጓደኛ |
| ኳይት | ደህና ወይም ጨርሶ | ኳይት ኢምፖሲብል | አገሩን ሳታውቁ | ለጥንቃቄ |
| ማች፣ ፋር | በጣም ይሻላል | ማች ቤተር | ታየርድ፣ ቢግ ፊት | ለሁሉም |
| ሃይሊ | ከፍተኛ | ሃይሊ ኳሊፋይድ | ቢግ፣ ሃፒ ፊት | ለስራ ደብዳቤ |

የትኛው ለእናንተ

ገና የመጣችሁ ከሆነና ያላችሁ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ሶስቱን ያዙ፣ ቬሪ ለቅጽል፣ ሪሊ ለግስ፣ ቱ ለብኝ። ሌላውን ሁሉ ተዉት፣ ሱቅም ስራም ትምህርት ቤትም በነዚህ ይኬዳል። ሀኪም ቤት ግን ከሁሉም የሚሻለው ቁጥር ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ነርሷ ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ብላ ትጠይቃችኋለች፣ ያኔ ቬሪ ቬሪ ከማለት 8 ማለት ይሻላል፣ እናቶቻችንን ይዛችሁ ስትሄዱ ይሄን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እነሱ ለሰው ላለማስቸገር ትንሽ ነው ይላሉና።

ሳምንት ካላችሁ ሶ እና ሳችን፣ ከዛ ማች ቤተርን ጨምሩ፣ እና የሪሊን አሉታ በአፋችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት፣ በወረቀት አይገባም።

ለአይኤልቲኤስ የምትዘጋጁ፣ ራይቲንግ ላይ ካሉት 4 መስፈርቶች አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው፣ 25 በመቶ ይይዛል፣ ሁለተኛው ጽሁፍ ደግሞ ቢያንስ 250 ቃል ነው፣ በዛች ቦታ ቬሪን 10 ጊዜ መድገም ራስን መጉዳት ነው። ኢንተርኔት ላይ ቬሪን በአንድ ቃል ቀይሩ የሚሉ ረጃጅም ዝርዝሮች አሉ፣ ቬሪ ታየርድን ኤግዞስትድ፣ ቬሪ ሃንግሪን ስታርቪንግ በሉ ይላሉ። እነሱን እንዳለ መሸምደድን አልመክርም። ስታርቪንግ ወሬ ላይ ራበኝ ነው፣ ስለ ድርቅ የሚጽፍ ሰው ድርሰት ውስጥ ግን በረሃብ ማለቅ ነው፣ እና አንድ ተማሪዬ ትምህርት ቤት ቁርስ ሳይበሉ ስለሚመጡ ልጆች ሲጽፍ ሳያስበው ከሚፈልገው በላይ ከባድ ነገር ጽፎ ነበር። አምስት ስድስቱን ብቻ፣ በደንብ የምታውቋቸውን ያዙ።

ለስራ ማመልከቻ የምትጽፉ፣ እዚህ ላይ የኔ ምክር ከሁሉም አለመምረጥ ነው። ባለፈው አንዲት እህት ያመጣችልኝ ደብዳቤ "አይ አም ቬሪ ኢንተረስትድ፣ አይ ሃቭ ቬሪ ጉድ ኤክስፒሪየንስ፣ አይ አም ኤ ቬሪ ሃርድ ወርከር" እያለ ይሄዳል። ስንት አመት ሰራሽ ስላት 6 አመት ሆቴል ኪችን ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ለ200 ሰው ቁርስ የሚያደርስ ቡድን ስትመራ ኖራለች። ሶስቱንም ቬሪ አጥፍተን 6ቱንና 200ውን ጻፍንበት፣ ደብዳቤው በግማሽ አጠረ፣ እሷም ስታነበው ቀና ብላ "ለካ እንዲህ ነው የሰራሁት" አለች። መዝጊያው ላይ ብቻ ዲፕሊ ግሬትፉልን አስቀረንላት።

ከወጣት ጓደኞች ጋር ቻት የምታደርጉ ሶ እና ሪሊ ይበቋችኋል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ኳይትን ራሳችሁ ከመጠቀማችሁ በፊት ሌላው ሰው እንዴት እንደሚለው፣ የቱ ላይ ጫን እንደሚል ሁለት ሶስት ወር አዳምጡ።

ምስጋና ላይ ደግሞ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ "ቴንክ ዩ ሶ ማች" ሞቅ ያለ ነው፣ ለቤት ሰው፣ ለረዳ ጎረቤት፣ "ቴንክ ዩ ቬሪ ማች" ረጋ ያለ ነው፣ ለመስሪያ ቤት፣ ለአስተማሪ፣ ለማታውቁት ትልቅ ሰው። ያ ጫማ የገዛው ልጅ ሻጯን ሲሰናበት ሶ ማች ነው ያላት፣ እሷም ሳቅ ብላ በር ድረስ ሸኘችን።